ኮፈኗ ሞቆ ጠበቀኝ

ልገዛ ሄጄ መጀመሪያ ያየኋትን ጎልፍ ጂቲአይ (የፎልክስዋገን ባለ ቱርቦ መኪና ናት) ትቻት የመጣሁት ኮፈኗ ስለሞቀ ብቻ ነው። ቀለሟ ያብረቀርቃል። ጎማዋ አዲስ ነው። ባለ ዳማው የወንበር ጨርቅ አንድ ቦታ እንኳ አልተቀደደም። ግን ሻጩን ማታ ደውዬ "ነገ እኔ ሳልደርስ እንዳታስነሳት" ብዬው ነበር። "ችግር የለም ወንድሜ" አለኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደርሼ እጄን ኮፈኑ ላይ ሳሳርፍ እንደ ምጣድ ግሏል።

"ትንሽ ላሟሙቃት ብዬ ነው። የአዲስ አበባን ብርድ ታውቀው የለ" አለ።

ከደሴ ለመጣ ሰው ስለ ብርድ ይነግራል! አመስግኜው ወጣሁ። ደላላው "ፋይናል ስንት ትላለህ?" እያለ እስከ ታክሲው ድረስ ተከተለኝ።

ነገሩ እንዴት እንደጀመረ ልንገራችሁ። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን ጠመዝማዛ ነው፤ ማታ ስመለስ ደግሞ ዳገት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከዚያ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ስድስት ዓመት በቪትዝ ተመላለስኩ። የከባድ መኪና ጭስ እየጠጣሁ እከተላለሁ፤ ልቀድም ስረግጣት ድምፅ ብቻ ትሰጠኛለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያንኑ የሳሳ አየር ይተነፍሳል፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ቱርቦ ግን አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ከጠፋው አብዛኛውን ይመልሳል።

ጉራም አለበት፣ አልዋሽም። ከውጭ ሲያዩዋት ዘንቢል ተጭኖባት ገበያ የምትመላለስ ሀችባክ ናት። ውስጧ ግን 210 የፈረስ ጉልበት አለ። የሥራ ባልደረቦቼ "ቶዮታ ግዛና ተኛ" አሉኝ። ስለ መለዋወጫ ከሆነ እውነታቸውን ነው።

ደሴ ውስጥ መኪናዬን የሚያዩልኝ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። እኛ "አያ" ነው የምንላቸው። ሄጄ አማከርኳቸው።

"አያ፣ ቱርቦ ያላት ልገዛ ነው። ምን ይሉኛል?"

"ቱርቦውን አትፍራው ልጄ። የሚበላህ ካቴናው ነው።"

ካቴና ያሉት የታይሚንግ ሰንሰለቱን ነው፤ የቫልቮቹን መክፈቻ ከፒስተኖቹ ጋር እኩል የሚያስኬደውን። (የጋራዥ ቋንቋችን እስካሁን ጣሊያንኛ ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ።) አምስተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂቲአይ በአብዛኛው በሰንሰለት ፈንታ በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ነው የሚሠራው። የእሱ በሽታ ሌላ ነው፤ በካምሻፍቱ (ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ) እና በነዳጅ ፓምፑ መካከል ያለች ትንሽ ብረት ተበልታ ካላየሃት ካምሻፍቱን ይዛው ትሄዳለች። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣው ስድስተኛው ትውልድ በሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱን የሚወጥር አንድ ዕቃ አለ። ሞተሩ ሲሠራ የዘይት ግፊት ይገፋዋል፤ ሲጠፋ ግፊቱ ይሄዳል። ያኔ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው አንድ ትንሽ ጥርስ ብቻ ነው። በቀደሙት ምርቶች ላይ ያ ጥርስ ይከዳል፤ ፋብሪካው በኋላ አሻሽሎታል። ከከዳ ሰንሰለቱ ይላላል፣ ስታስነሳው ይዘላል፣ ፒስተን ከቫልቭ ይጋጫል። ከዚያ በኋላ ሞተር ማውረድ ነው።

የላላ ሰንሰለት ራሱን የሚያጋልጠው ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ነው፤ ዘይቱ እስኪደርስ አንድ ሁለት ሴኮንድ ይንኳኳል። ሞተሩ ቀድሞ ከሞቀ ያን ድምፅ ላትሰማው ትችላለህ። የሞቀው ኮፈን ያስከፋኝ ለዚህ ነው። ምናልባት ሰውየው የዋህ ነበር። በዚህ ብር ግን የዋህነት አልፈትንም።

ሁለተኛዋን በዘመድ በኩል አገኘኋት። የ2011 እ.ኤ.አ. ምርት፣ ማንዋል፣ 118,000 የሄደች፣ አቧራ የጠገበች። ባለቤቱ ዘይት የቀየረበትን ደረሰኝ ሁሉ በፌስታል ይዞ ነበር። ከቀለሙ ይልቅ ያ ፌስታል አማለለኝ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ደረስኩ። ኮፈኑ በረዶ ነው። ጆሮዬን አቀናሁና "አስነሳት" አልኩት። አልተንኳኳችም። ግን ደቂቃ ያህል ተንቀጠቀጠች።

አያ ስልክ ላይ ናቸው፤ ሰሟት። "ካርቦን ነው" አሉ። ይህ ሞተር ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይረጫል። ስለዚህ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ ጀርባ በቤንዚን አይታጠብም፣ ጥላሸት ይጋገርበታል። ማጽዳት አድካሚ ነው እንጂ አይገድልም።

ቀጥሎ በሰንሰለቱ ክዳን ላይ ያለችውን የጎማ ውታፍ አስወልቄ በባትሪ አየሁ። በዚያ ቀዳዳ መወጠሪያው አሮጌው ይሁን የተሻሻለው ይለያል። አሮጌው ነበር። ኮምፒውተር አስገጠምኩ፤ ሰንሰለት ሲለጠጥ የካምሻፍቱ አቀማመጥ ከዜሮ ይርቃል፣ የእሷ እዚያው አጠገቡ ነው። የውሃ ፓምፑ ሥር የደረቀ ሮዝ ነጠብጣብ አገኘሁ። የፓምፑ ቤት ፕላስቲክ ስለሆነ ማፍሰስ ልማዱ ነው። ዘይት ትበላ እንደሆነ ጠየቅኩ። የዚህ ሞተር ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ቀጭን ነው፤ መመሪያው ራሱ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ ግማሽ ሊትር ይፈቅዳል። እኔ አልፈቅድም። ባለቤቱ "በወር አንዴ ትንሽ እጨምራለሁ" አለኝ። "ምንም አትበላም" ቢለኝ ነበር የምጠራጠረው።

ካርቦኑን፣ ፓምፑንና አሮጌውን መወጠሪያ አንድ በአንድ እየጠራሁ ዋጋ አስወረድኩ። ከመክፈሌ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያየሁ።

እስከዚህ ጎበዝ ነበርኩ። ስህተቴ ከዚህ በኋላ ነው። መወጠሪያና ሰንሰለት ሳዘዝ "የጎልፍ 2.0 ቱርቦ" ብዬ ብቻ ነገርኳቸው። የመጣው አልገጠመም። ሻጩም አልመልስም አለ። ሁለተኛ በሻንሲ ቁጥር አዘዝኩ። እሱ እስኪመጣ መኪናዋ ሦስት ሳምንት ጋራዥ ቆመች። ካምሻፍቱን አስሮ የሚይዘውን መሣሪያም ማንም አልነበረውም፤ ተፈልጎ ተከራየን። ለመኪናዋ የያዝኩትን ብር ሙሉ በሙሉ ለግዢው ማዋሌ አሳበደኝ። ለጥገና ቀድሜ ለይቼ ማስቀመጥ ነበረብኝ። የመጨረሻዋን ክፍያ ከባለቤቴ ዕቁብ ነው ያገኘሁት፤ እስካሁን ይነሳብኛል።

ወደ ደሴ ስነዳት ከኮምቦልቻ በሚወጣው ዳገት ላይ ቪትዜን አሰብኳት። ያኔ ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ ስንገታገት ነበር። ይቺኛዋ ሦስተኛ ላይ ሆና ቀጥ ብላ ወጣች። ከዚያ በፊት ሸዋ ሮቢት ላይ ቆሜ ዘይትና ውሃ አይቼ ነበር፣ ኮምቦልቻም ደግሜ አየሁ። ምልክቱ አልተነቃነቀም። አሁን ዘይት በ7,000 እቀይራለሁ፤ የፋብሪካው 15,000 ለእኛ አቧራና ዳገት በዛብኝ። የምናገኘው ቤንዚን ይህ ሞተር የሚወደው አይነት ስላልሆነ በዝቅተኛ ዙር ዳገት ላይ አልረግጣትም፣ ማርሽ እቀንሳለሁ።

አያ መጀመሪያ ቀን ቤቴ ድረስ መጥተው አቡል ቡና ጠጡ። ሲወጡ ግቢው በር ላይ ያለውን ዳገት አዩና ደነገጡ። እኔ እንደ ወትሮዬ በአንደኛ ማርሽ አቁሜያት ነበር።

"ወላሂ አንተ ልጅ አትሰማም! አፍንጫዋ ወደ ላይ፣ በአንደኛ ማርሽ፤ ክብደቷ ሞተሩን ወደኋላ ሲጎትተው እኮ ነው ካቴናው የሚላላው። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ድንጋይ አድርግ፣ እላዩ ላይ ስታርፍ ከዚያ ማርሽ።"

መወጠሪያውን ቀይረነዋል ልላቸው ነበር፣ ዝም አልኩ። አሁን ከሥራ ስመለስ የሰፈሩ ልጆች ድምፅዋን ከታች ይለዩታል። "ድንጋይ አምጡ፣ መጣች!" እየተባባሉ ይሮጣሉ።