ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ፋይሉ ምንም ያልጎደለው ማቆያ ሲገጥመኝ ትንሽ እጠራጠራለሁ። ክፋት አይደለም፣ የሥራ ጠባይ ነው። የሕፃናት ማቆያዎች ፈቃዳቸው ከመታደሱ በፊት እየገባሁ የማይ፣ የምቆጥር፣ የምለካ ሰው ነኝ። ልጅ በሚውልበት ቤት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድላል። የአንዷ ሞግዚት የጤና ምርመራ ጊዜው አልፏል፣ የአንዱ ልጅ የክትባት ካርድ ቤት ቀርቷል፣ የእሳት ማጥፊያው መርፌ ወደ ቀዩ ወርዷል። ምንም ካልጎደለ ወይ ቤቱ በጣም ጎበዝ ነው፣ ወይ ወረቀቱ ሌሊቱን ሲጻፍ ነው ያደረው።

የዛሬው ገጠመኜ ፋይሉ ሙሉ ከነበረ አንድ ማቆያ ነው። ዳይሬክተሯ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ጠበቀችኝ። በየመሐሉ ባለቀለም ወረቀት ሰክታበታለች። "ሁሉም አለ፣ እንደፈለጉ ይዩት" አለችኝ። አየሁት። እውነትም አለ። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ምስክር ወረቀት አለ። ሠራተኞቹ ከወንጀል ነፃ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አለ። ልጅ መረከብ የሚፈቀድላቸው ሰዎች ዝርዝር ከነፎቷቸው አለ። ይሄኛውን ብዙ ቦታ ለምኜም አላገኘው።

ዓይኔ የቆመው የእሳት አደጋ ልምምድ መዝገቡ ላይ ነው። በየወሩ አንድ መስመር ተጽፏል። ሁሌ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። ሁሌ 3 ደቂቃ። ሁሌ "ችግር አልታየም"። ከላይ እስከ ታች አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ። እንዴ! ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ዓመቱን ሙሉ አንድ ጫማ አልጠፋም? አንድ ልጅ አላለቀሰም? ምንም አላልኩም። መዝገቡን ከደንኩና "ክፍሎቹን እንይ" አልኳት።

የጨቅላዎቹን መኝታ ክፍል የያዙት ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ግቢው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል፣ እኔም እትዬ አልኳቸው። ክፍላቸው ውስጥ የምጽፈው ጥፋት አጣሁ። ልጆቹ በሙሉ በጀርባቸው ተኝተዋል። አልጋው ላይ ትራስ የለም፣ ወፍራም ብርድ ልብስ የለም፣ አሻንጉሊት የለም። ፍራሹ ጠንካራ ነው፣ አንሶላው ውጥር ብሏል። የአልጋውን ዘንጎች ለካሁ። ክፍተታቸው ከ6 ሳንቲሜትር አይበልጥም። ከዚያ ከሰፋ የሕፃኑ ገላ ሾልኮ ጭንቅላቱ ይቀረቀራል።

"ድሮ በሆድ ነበር የምናስተኛቸው" አሉኝ እትዬ። "ትንፋሽ ሊያጥራቸው እንደሚችል ካስተማሩን ወዲህ ግን እናትየዋ ብትለምነኝ እንኳ አላደርገውም።"

ልክ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 "ሕፃናትን በጀርባቸው አስተኙ" የሚል ዘመቻ ተጀምሮ፣ በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ በግማሽ ያህል ቀንሷል። እትዬ ቁጥሩን አያውቁትም። ምክንያቱን ግን ያውቁታል። ስለዚህ ተቆጣጣሪ መጣ አልመጣ እሳቸው ያው ናቸው።

"እትዬ፣ አሁን እዚህ ክፍል ጭስ ገባ እንበል። ምን ያደርጋሉ?" አልኳቸው።

ዳይሬክተሯ ጣልቃ ገባች። "አሁን? ልጆቹ ተኝተዋል እኮ!"

"የተኙትን አንነካም፣ የነቁትን ብቻ ይዘው ይውጡ።"

እትዬ አላቅማሙም። ሁለቱን የነቁ ሕፃናት አንስተው ጎማ ያለው አልጋ ውስጥ አስገቧቸው። ይሄ አልጋ ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጀ ነው፤ ጨቅላዎቹን አንድ ላይ አድርጎ እየገፉ ለመውጣት። አንድ ሰው በክንዱ ስንት ሕፃን ይዞ መሮጥ ይችላል? ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። ብዙ ቦታ ከ1 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት "አንድ ሞግዚት ለ3 ወይም ለ4" የሚባለው ለእንክብካቤ ብቻ አይደለም፣ የማምለጥ ሒሳብም አለበት። ባለቤቶች ይሄን ቁጥር ሲያዩ ደሞዝ ነው የሚታያቸው። እኔ ደግሞ ክንድ ነው የሚታየኝ።

እትዬ አልጋውን እየገፉ በኮሪደሩ ወደ ኋላው በር ሄዱ። በሩ ጥሩ በር ነው። ከውስጥ በክንድ ገፋ ሲያደርጉት የሚከፈት አግዳሚ ብረት አለው። ከበላዩ የመውጫ ምልክቱ አረንጓዴ መብራት በርቷል። ብረቱ ላይ ግን ሰንሰለት ተጠምጥሟል፣ ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ሰንሰለቱን ደግሞ አንድ ሰው በጨርቅ ጥቅልል አድርጎታል። ጠጋ ብዬ ዳሰስኩት። የሕፃን ፎጣ ነው፣ በመርፌ ተሰፍቷል። ሲንኳኳ ልጆቹን እንዳይቀሰቅስ ነው አሉኝ።

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

"እኔ ጋ፣ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ" አለች ዳይሬክተሯ። ቢሮው ኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ ነው። እየሮጠች ሄዳ እየሮጠች ተመለሰች። አንድ እጅ ሙሉ የቁልፍ ዘለላ ይዛለች። የመጀመሪያው እምቢ አለ። ሁለተኛው ገባ፣ ግን አልዞረም። ሦስተኛው የመጋዘኑ ነበር። እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልምምድ መሆኑን እያወቀች ማለቴ ነው፣ ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ። ሰዓቴን አየሁ። መዝገቡ ላይ ሕንፃው ባዶ የሚሆንበት 3 ደቂቃ አልቋል፣ እኛ ገና በሩ ጋ ነን። ፎምና ፕላስቲክ የበዛበት ቤት በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ በጭስ ሊሞላ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ባልደረቦቼ ጽፈው ይወጣሉ። "የአደጋ ጊዜ መውጫ ተቆልፎ ተገኝቷል"፣ ፊርማ፣ ማኅተም፣ ቻው። ስህተት አይደለም፣ ጥፋቱም ከባድ ነው። እኔን ግን ያ ፎጣ ያዘኝ። ግድ የሌለው ሰው ሰንሰለት በፎጣ አይሰፋም።

"ለምን ቆለፋችሁት?" አልኩ።

ዝም አሉ። ዳይሬክተሯ እትዬን አየቻቸው፣ እትዬ መሬት መሬት አዩ። በመጨረሻ የተናገረችው ከጀርባችን የቆመች አንዲት ወጣት ሞግዚት ናት። "ልጅ ወጥቶብን ነው እኮ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ ብረቱን ትልልቆች ሲገፉት አይቶ ገፋው። በሩ ተከፈተለት። ወጣ። ከግቢው ውጪ መንገድ ዳር ያገኘው አንድ አላፊ አግዳሚ ነው፣ እጁን ይዞ መለሰው። የተጎዳ የለም። ልጁ መጥፋቱን ግን ሰውየው እስኪያንኳኳ ድረስ ማንም አላወቀም ነበር። በማግስቱ ሰንሰለቱ ተገዛ። ለእኛ መሥሪያ ቤት የተላከ ሪፖርት የለም። ለወላጆቹም "ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር" ተብሎ ታለፈ።

ሪፖርቱ አለመላኩ ከሰንሰለቱ የባሰ ነው ባይ ነኝ። ግን ለምን እንዳልላኩት ይገባኛል። ያመነ ይቀጣል፣ የደበቀ ፈቃዱ ይታደሳል። እንዲህ ያለውን ልማድ እኛ ተቆጣጣሪዎችም አሳድገነዋል። ሪፖርት ቢያደርጉ ኖሮ አንድ ሰው መጥቶ በሩን ያይ ነበር፣ መፍትሔውም ሰንሰለት እንዳልሆነ ያኔውኑ ይነግራቸው ነበር።

ዳይሬክተሯ አሁን ተቆጣች። እውነትም ነበራት። "ክፍት ብተወው ልጅ ይወጣል፣ ብቆልፈው እሳት ትሉኛላችሁ። ልጅ መኪና ቢገጨው የምጠየቀው እኔ አይደለሁም?"

ጥያቄው ትክክለኛ ነው፣ የምሯን ነው የጠየቀችው። ልጅ ሾልኮ የሚወጣበት ቀን ብዙ ነው። እሳት የሚነሳበት ቀን ምናልባት በዕድሜ ልክ አንዴም አይመጣም። ሰው ደግሞ የሚፈራው ያየውን ነው። እሷ ያየችው ልጁን ነው።

እኔ የሄርሞሲዮውን ነገርኳት። ሜክሲኮ፣ ሶኖራ ግዛት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2009። ኤቢሲ የሚባል የሕፃናት ማቆያ ነው። እሳቱ የተነሳው እዚያው ውስጥ አይደለም፣ ግድግዳ ከሚጋራው መጋዘን ነው። ልጆቹ የቀን እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ከፊት ለፊቱ በር በቀር እንደልብ የሚያስወጣ በር አልነበረም። አንድ ሰው ሕንፃውን በመኪናው እየገጨ ግድግዳውን አፈረሰው፣ በዚያ ቀዳዳ ልጆች ወጡ። 49 ሕፃናት ሞቱ። ማቆያው ብዙም ሳይቆይ ፍተሻ አልፎ ነበር። አገሪቱ የሕፃናት ማቆያዎችን የሚመለከት አጠቃላይ ሕግ ያወጣችው ከዚያ በኋላ፣ በ2011 ነው።

ላስፈራራት አልነበረም። ግን ፈራች። ወጣቷ ሞግዚት ማልቀስ ስትጀምር እኔም ወሬውን አቆምኩ።

ሰንሰለቱ እዚያው እያለሁ ወለቀ። ይሄ ላይ ድርድር የለም፣ ዛሬ ካልወለቀ ዛሬ ይዘጋል አልኩ። ነገር ግን ሰንሰለቱን አውልቆ መሄድ ችግሩን ወደ ድሮው ቦታው መመለስ ነው። እኔ ከግቢው እንደወጣሁ ማታውኑ ተመልሶ እንደሚጠመጠም አልጠራጠርም። በጨርቅ አይጠቀለልም ይሆናል እንጂ።

ቁጭ ብለን ተነጋገርን። በሩ ሲከፈት የሚጮህ ደወል አለ። ትልቅ ቴክኖሎጂ አይደለም፣ የሱቅ በር ላይ የሚገጠመው ዓይነት ነው፣ ድምፁ ብቻ በርታ ማለት አለበት። ልጁ ብረቱን ቢገፋ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ከበሩ ውጪ ደግሞ አጥር ያለው ቦታ ይከለል፣ የወጣ ልጅ እዚያው ይቀራል። የአጥሩ በር ከውስጥ አዋቂ ያለ ቁልፍ የሚከፍተው ይሁን፣ ከሕንፃው ርቆ መሰብሰብ እንዲቻል። ይሄ ሁሉ እስኪገጠም ድረስ በሩ ጋ ሰው ይቀመጥ። እትዬ ወዲያው "እኔ እቀመጣለሁ" አሉ። "እርስዎማ ጨቅላዎቹን ማን ሊይዝልን" አለቻቸው ዳይሬክተሯ። ሌላ ሰው መቅጠር ሊኖርባት ነው። ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም፣ በጣም ከፍቷታል።

ፈቃዱ ለጊዜው በቅድመ ሁኔታ ታደሰ። ሪፖርቱንም ዘግይቶም ቢሆን ጻፈችው፣ የልጁን ወላጆችም ጠርታ እንደገና በወጉ ነገረቻቸው። እናትየዋ ልጇን ከዚያ ማቆያ አስወጣችው። አልፈርድባትም።

ሌላ ጊዜ ሳልናገር ሄድኩ። ደወሉ ተገጥሟል። ሞከርኩት፣ ጆሮ ይበሳል። ልምምድ እናድርግ አልኩ፣ በእንቅልፍ ሰዓት። በዚህኛው ልምምድ አንድ ሌላ ነገር ታየ። ትልልቆቹን የምትይዘው ሞግዚት ልጆቿን አሰልፋ ቆጠረች። 15። ሰሌዳው ላይ የጻፈችውም 15። ተነፈሰች። ስም ዝርዝሩን አንሥታ መጥራት ስትጀምር ግን አንዷ ልጅ "አቤት" አላለችም። ሽንት ቤት ቀርታለች። ቁጥሩን የሞላው በግርግሩ ከጎረቤት ክፍል ሾልኮ የተቀላቀለ ልጅ ነበር። ልጅቷን እጇን ሳትታጠብ ይዘዋት መጡ፣ እሷም በዚያ አኮረፈች።

ስም መጥራትና ፊት ማየት የሚባለው ለዚህ ነው። ብዙ ማቆያ ቁጥር ብቻ ይቆጥራል፣ ምክንያቱም ፈጣን ነው። በሩ ሲወጡ፣ ሜዳ ሲሄዱ፣ መኪና ሲገቡና ሲወርዱ በስም መጥራት አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ያ ደቂቃ ሲሰለች ነው ልጅ መኪና ውስጥ ተረስቶ የሚቆለፍበት።

መዝገቡንም አየሁት። አሁን የተለያየ እስክሪብቶ አለው። አንዱ ወር ላይ "6 ደቂቃ ፈጀ፣ አንድ ልጅ ጫማ ካላደረግኩ ብሎ" ይላል። ሌላው ላይ "የጨቅላዎቹ አልጋ ጎማ ተበላሽቷል፣ ተጠግኗል"። እኔ እንዲህ ያለ መዝገብ ስፈትሽ ደስ ይለኛል። የሚያሳፍር ነገር የተጻፈበት መዝገብ እውነተኛ ነው።

የእኛ ቅጽ ግን እስካሁን "የአደጋ ጊዜ መውጫ፦ አለ / የለም" ነው የሚለው። ያ ማቆያ ሰንሰለቱ ተጠምጥሞ እያለም "አለ" የሚል ምልክት ማግኘት ይችል ነበር፣ በሩ አለ እኮ። "ያለ ቁልፍ ከውስጥ ይከፈታል?" የሚል እንዲጨመር ጠይቄያለሁ። ቅጽ ለመቀየር ኮሚቴ ያስፈልጋል፣ ኮሚቴው ገና አልተሰበሰበም። እስኪሰበሰብ በህዳጉ ላይ በእስክሪብቶ እየጻፍኩት ነው። አለቃዬ "ቅጹን አታቆሽሽ" ብሎኛል።