«ሰው የሚመጣው መቼ ነው?»

የልብ ወለዴ የመጀመሪያ ረቂቅ የሚከፈተው በጦሳ ተራራ ጭጋግ ነበር። ከጭጋጉ ቀጥሎ ደሴ የንጉሥ ሚካኤል መቀመጫ የሆነችበት ታሪክ፣ የሰኞ ገበያ ግርግርና የባለታሪኳ የትውልድ ሐረግ ይተረካሉ። 62 ገጽ ሲሞላ ለታላቅ እህቴ ሰጠኋት። ሃያኛው ገጽ ላይ አጥፋ አስቀመጠችውና፣ «ወንድምዓለም፣ ደሴንስ እኔም አውቃታለሁ፤ ሰው የሚመጣው መቼ ነው?» አለችኝ።

ተቀየምኩ፤ ነገር ግን እውነቷን ነበር። አሪስቶትል ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው ሥራው መጀመሪያ የሚለው የግድ ከሌላ ነገር ተከትሎ የማይመጣውን፣ ከእሱ በኋላ ግን ሌላ ነገር የሚከተለውን ነው። በዚህ መለኪያ እያንዳንዱን ገጽ «ምን አስከተለ?» እያልኩ ስጠይቅ፣ የከተማዋ ታሪክ አንዳች ነገር አለማስከተሉን አየሁ። ከ62ቱ ገጾች የተረፉት አራት መስመሮች ናቸው።

ታሪኩ በ1990 ዓ.ም. ሐይቅ ከተማ አካባቢ የምትኖር ወጣት ታሪክ ነው። አባቷ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ወደ መተከል ለሠፈራ ከተወሰዱት አንዱ ሲሆን፣ ሞቷል ተብሎ ተለቅሶለታል። ልጅቱ ለአያቷ የአርባ ቀን ሰደቃ ልብስ ስታጥብ በሟቿ ነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ነገር ታገኛለች፤ ስትፈታው ከመተከሏ ፓዌ የተጻፈ፣ እጥፋቱ ላይ የተበሳሳ የአባቷ ደብዳቤ ነው።

በሁለተኛው ረቂቅ ይህን ቋጠሮ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አደረግሁት፤ ይኸኛው ስሕተት ከፊተኛው ይብሳል ባይ ነኝ። አያቲቱን የማያውቅ አንባቢ ደብዳቤውን መደበቋ ለምን እንደሚያም አይገባውም። ስለዚህ በሦስተኛው ረቂቅ አያቲቱን በሕይወት አምጥቼ፣ ቡና እያፈላች ነጠላዋን ማንም እንዳይነካባት ስትቆጣ አሳየሁ። ደብዳቤው የሚገኘው አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ነው።

የድምፀቱን ነገር የተማርኩት ከክራር ነው። አምባሰልና ባቲ የአገር ስም ብቻ ሳይሆኑ የቅኝት ስምም ናቸው፤ ክራር ደርዳሪው ክሮቹን ቃኝቶ ሲነካቸው አድማጩ ግጥሙን ሳይሰማ ልቡን ያዘጋጃል። እኔ ደግሞ መግቢያውን በቀልድ ጀምሬ በኋላ ኀዘን ውስጥ መዝፈቄ ቅኝት ሳይነገር እንደመለወጥ ሆኖብኝ ነበር።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የልብ ወለዱ የመጀመሪያ ክፍል ማብቂያ ነው። የደብዳቤው መገኘት የሚያበቃው መስሎኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ደብዳቤውን መልሳ ብትቋጥረው ኑሮዋ እንደነበረው ይቀጥላል። ደብዳቤው ከተገኘበት እስከ ክፍሉ ማብቂያ ያሉት ገጾች የክርክር ናቸው፤ አጎቷ «የተለቀሰለትን ሰው አትቀስቅሺ» ይላታል፣ እሷም ደብዳቤውን ደብቃ የኖረችውን አያቷን ትረግማለች፣ መልሳም ትጸጸታለች። ክፍሉ የሚዘጋው አባቷን ልትፈልግ የአያቷን ላም ሸጣ ገንዘቡን በዚያው ነጠላ ጫፍ ስትቋጥር ነው፤ ከዚያ ወዲያ አጎቷ ቤት መመለሻ የላትም። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ክፍል የመጽሐፉን ሩብ ያህል ይይዛል ይባላል፤ የኔው ከ240 ገጽ 58ቱን ወሰደ።

የጦሳ ጭጋግም ጨርሶ አልጠፋም። ልጅቱ ከሐይቅ ወደ ደሴ ወጥታ መናኸሪያው ውስጥ ስትቆም፣ አውቶቡሱ በጠዋት መብራቱን አብርቶ የሚጠብቅበት ምክንያት ሆኖ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተቀምጧል።