ያልሄድሁባቸው ቀጠሮዎች

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲነገር፣ እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሁ። የመጀመሪያ ልጄ በመሆኑ በአገሩ ልማድ መሐል ሜዳ፣ እናቴ ቤት ልወልድ ታስቦ ነበር፤ ይሁንና ብዙም ሳይቆይ የሕዝብ ትራንስፖርት ተቋረጠ፣ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ፋሲካን ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እየተከታተልን ቤት ዘግተን አሳለፍን። እናቴ በስልክ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብላ ስትዘጋ፣ ስልኩን እንደያዝሁ አለቅስ እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገርኋትም።

የሚያዝያን የእርግዝና ክትትል ቀጠሮ የተውሁት በዚህ መንፈስ ነው። ጤና ጣቢያው የበሽታው ማደሪያ መስሎ ይታየኝ ስለነበር የግንቦቱንም አሳለፍሁት፤ የአይረን ክኒኑም አለቀ። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፣ ቀን የሚያስደስተኝ ነገር ጠፋ። ራሴን ሲያመኝ እንቅልፍ በማጣቴ ነው እላለሁ፤ እንቅልፍ ማጣቴን ስናገር ደግሞ «እርግዝና እንዲህ ነው፣ ቻይው» እባላለሁ። ፊቴ ሲያብጥ እንኳ በከተማችን ብርድ አሳበብሁ። አካሌ የሚናገረውን በሐሳቤ፣ ሐሳቤ የሚናገረውን በእርግዝናዬ እያመካኘሁ ሁለቱንም ሳልሰማቸው ቀረሁ።

ሰኔ ላይ ባለቤቴ ግድ ብሎ ወሰደኝ። የደም ግፊቴ 150/100 ሆኖ ተገኘ፤ በእርግዝና ወቅት 140/90 ከደረሰ ጀምሮ ከፍተኛ እንደሚባል ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሽንቴም ውስጥ ፕሮቲን ስለታየ ወደ ሆስፒታል ተላክሁ፤ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው፣ ከደም ግፊት ጋር የሚመጣ የእርግዝና ሕመም ነበር። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት ምልክቶቹ ናቸው፤ ሳይታከም ሲቀር እናቲቱን እስከ ማንቀጥቀጥ ሊያደርሳት ይችላል። ደግሞ አንዳች ሳይሰማ ግፊቱ ሊጨምር ይችላልና ሳይለኩ ማወቅ አይቻልም። ሜቲልዶፓ የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ተጀመረልኝ።

አዋላጅ ነርሷ ካርዴን ጽፋ ከጨረሰች በኋላ፣ «እህቴ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስ ያሰኘሽ ነገር ነበር?» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ወር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረምና መልሴ እንባ ሆነ። ቻይው አላለችኝም። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ ድብርት የእምነትም የጥንካሬም ማነስ አለመሆኑን፣ እንደ ደም ግፊቱ ተጠይቆ የሚታወቅና የሚታከም ሕመም መሆኑን አስረዳችኝ፤ በየቀጠሮውም የምክር አገልግሎት እንዳገኝ አደረገች። ራሴን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብኝ ቀጠሮ ሳልጠብቅ በዚያው ቀን እንድመጣ አስጠነቀቀችኝ። ይህችን ጥያቄ መጠየቅ የሚወስደው ሁለት ደቂቃ ነው፤ በየካርዱ ላይ እንደ ክብደትና እንደ ደም ግፊት ቦታ ሊኖራት ይገባል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

ፍርሃቴ መሠረት አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ነፍሰ ጡሮች በኮሮና ሲያዙ ሕመሙ ይበልጥ ሊጠናባቸው፣ ያለጊዜያቸውም ሊወልዱ እንደሚችሉ በኋላ በጥናት ታውቋል። ከዚያ የሚጠብቀኝ ግን ጭምብሉና እጅ መታጠቡ ነበር እንጂ ከክትትል መቅረቱ አልነበረም።

ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ 37 ሳምንት ሲሞላኝ፣ ምጡ በመድኃኒት ተጀምሮ በሰላም ተገላገልሁ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ባይ ጎረቤት ደጅ ቆሞ ተመለሰ፤ ገንፎውን እኔና ባለቤቴ ብቻ በላነው። ግፊቱ ከወሊድ በኋላም ሊነሣ ስለሚችል ክትትሉ አልተቋረጠም። ለስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ ስገባ፣ በግማሽ ሰው በሚጭን አውቶብስ ከመሐል ሜዳ የደረሰችው እናቴ ልጄን በጋቢ ጠቅልላ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ትጠብቀኝ ነበር።