ደሙ የረጋበት ሌሊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እግዚአብሔር ለታናሽ ወንድሜ ያደረገለትን እንድመሰክር ስለፈቀደልኝ ስሙ ይክበር ይመስገን።

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከደጋ ወርደን በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ሰሊጥ እናጭድ ነበር። ሲመሻሽ ወንድሜ ነዶ ሊያነሣ ጎንበስ እንዳለ «ጋሼ፣ ነደፈኝ!» ብሎ ጮኸ፤ በባትሪ ብናበራ አጭርና ወፍራም እፉኝት ከነዶው ሥር ተጠቅልላ አየናት። አብረውን የነበሩት ሠራተኞች የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉለት፤ አንዱ እግሩን ከጉልበቱ በታች በገመድ አጥብቆ አሰረው፣ ሌላው ንድፊያውን በምላጭ በጣው፣ በምላጩ ጊዜ እንዳይወራጭ የያዝሁት እኔ ራሴ ነበርሁ። ማሰርና መብጣት ጉዳቱን እንደሚያብስ፣ የተነደፈውን እግር ሳያንቀሳቅሱ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ማድረስ እንደሚበጅ ማን ነግሮን! የተበጣው ቦታ ደሙ አልቆም አለ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ድዱ መድማት ጀመረ።

አንድ የትራክተር ሹፌር ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣ ጥቁሩ ጭቃ ሁለት ጊዜ ቢይዘውም ሳይሰለች፣ ለናፍጣው እንኳ ሳይቀበለን አደረሰን፤ እግዚአብሔር ዕድሜውን ያርዝምለት። መጀመሪያ የደረስንበት ጤና ጣቢያ ግን መድኃኒቱ ውድ ነው፣ ማቀዝቀዣም ይፈልጋል፣ እኛ ዘንድ የለም፣ ወደ አብደራፊ ከተማ ፍጠኑ አሉን።

እዚያ ደጃፍ ቆሜ በእግዚአብሔር ላይ ተቆጣሁ፤ አልሸሽገውም። እናታችን በየማለዳው ዳዊት የምትደግምለት፣ «በተኩላና በእባብ ላይ ትጫማለህ» ያለው አምላክ የድሃ ልጅ ሲሆን ጊዜ ረሳን ብዬ በአፌ አወጣሁት። ጳውሎስን በመላጥያ ደሴት እፉኝት ይዛው ሳትጎዳው ቀርታ የለም፣ ለእርሱ የሆነው ለእኛ ለምን አይሆንም? አልሁት። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብን ንድፊያ ቸል ከተባሉት ዋና ዋና የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያስገባው ከዚያች ሌሊት አራት ወር ብቻ ቀድሞ፣ በሰኔ 2009 ዓ.ም. እንደ ነበረ ኋላ ስሰማ፣ አምላኬን የወቀስሁበት መርሳት የሰው እንደ ነበረ ገባኝ።

ሊነጋጋ ሲል አብደራፊ፣ የድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ካላዛር የሚባለውን የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈውን በሽታና የእባብ ንድፊያ ከሚያክምበት ደረስን። ሐኪሙ ጥቂት ደም ቀድቶ በደረቅ የመስታወት ብልቃጥ አደረገና ሳይነካው 20 ደቂቃ አስቀመጠው። ውዳሴ ማርያም ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ። ብልቃጧን ዘንበል ሲያደርጋት ደሙ እንደ ውኃ ፈሰሰ፤ መርዙ ደሙ እንዳይረጋ አድርጎታል አለኝ። የመርዝ ማርከሻውን ከግሉኮስ ጋር በደም ሥሩ ሰጡት፤ መድኃኒቱ ራሱ ሰውነትን ሊያስቆጣ ስለሚችል አንዲት ነርስ ከአልጋው ሥር ሳትለይ ትንፋሹን ስትጠብቅ ቆየች። የድካሟን ዋጋ እመቤታችን ትክፈላት።

ከስድስት ሰዓት በኋላ ደግመው ቀዱ፤ ደግሞ 20 ደቂቃ። ያን ጊዜ ለቅዱስ ሚካኤል ተሳልሁ። ሐኪሙ ብልቃጧን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ቀስ ብሎ ገለበጣት፤ ደሙ እንደ ጉበት ረግቶ ከታች ተጣብቆ ቀረ፣ ንቅንቅም አላለ። ግንባሬን ከሲሚንቶው ላይ ደፍቼ ይቅር በለኝ አልሁት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ቁስሉ እስኪሽር ወራት አለፉ። በሰኔ 12 ቀን የሚካኤል ዕለት፣ ወንድሜ ጥቂት እያነከሰ፣ እናታችን የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ተሸክሞ ደጀ ሰላሙን በገዛ እግሩ ገባ።