የምትራገጥ ፕላኔታን በጣት መግራት፦ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ እንዴት እንዳስገጠምኩ

ትልቅ ሲሊንደር ያላትን ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክል በእግር ማስነሳት የጉልበት ጉዳይ ይመስላል፤ ጉልበተኛውንም ግን ትራገጣለች። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሳይደርስ ካንዴላው እሳት ይሰጣል። እግር በዚያች ቅጽበት ፒስተኑን በፍጥነት ካላሻገረው ፍንዳታው ወደ መጣበት ይመልሰዋል፤ ያ ሁሉ ኃይልም በማስነሻው ፔዳል በኩል ቁርጭምጭሚት ላይ ያርፋል። የእኔዋ የሶቪየት ሥሪቷ ኢዥ ፕላኔታ 5 ነች። አንድ ሲሊንደር፣ 346 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 72፣ የፒስተኑ ምት 85 ሚሊ ሜትር። አባቴ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ለከብት ሕክምና ይወጣባት ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ ለእኔ ቀረች። አንዴ ከተነሳች እንከን አይወጣላትም።

ለዚህ መድኃኒቱ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ነው፤ ሞተር ሲነሳ ሲሊንደሩ ውስጥ ከታመቀው አየር ከፊሉን የሚያስወጣ ትንሽ መዝጊያ። ስለ እርሱ ከማሰቤ በፊት ግን እሳቱን አስተካከልኩ። ለካንዴላው እሳት የሚያቋርጠውንና የሚሰጠውን የፑንቲናውን ክፍተት ለካሁ፣ ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ ፋብሪካው ወዳዘዘው መለስኩ። ርግጫው በእጅጉ ቀነሰ፣ ፈጽሞ ግን አልጠፋም። ይህን ደረጃ ዘልሎ ወደ ቫልቭ የሚሮጥ ሰው በሽታውን ሳይሆን ሕመሙን እያስታገሰ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያለ ጊዜው የሚተኩስ ሞተር በርግጫ ባያስታውቅ ፒስተን በመብሳት ያስታውቃል።

የሚገርመው፣ የዚሁ ፋብሪካ ቀደምት ምርት የሆነው ኢዥ 49 ማስተንፈሻ ቫልቩን ከነማዘዣ እጀታው ይዞ ነበር የሚወጣው። እኔ የማደርገው እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ለጓደኞቼ የማስረዳው በዚህ ነው። በሌላው ዓለምም እንደ ማይኮ 490 እና ሆንዳ ሲአር 500 ባሉ የድሮ ትልልቅ ሞተሮች ላይ ይህንኑ የሚያስገጥሙ ብዙ ናቸው።

ቫልቮቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው በፊሎ፣ ማለትም በሽቦ ገመድ፣ የሚሳብ ነው፤ እጀታውን እስከያዙት ድረስ ክፍት ይቆያል፣ ሞተር ለማጥፋትም ያገለግላል። ሁለተኛው በጣት የሚጫኑት ነው፤ ሲጫኑት ተከፍቶ ይቆይና የመጀመሪያው ፍንዳታ ራሱ ገፍቶ ይዘጋዋል። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ፊሎም እጀታም አይፈልግም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እኛው አገር ይገኛል። በሞተር መጋዝ ላይ ያለው ቫልቭ ይኸው ነውና። በአዊ በኩል፣ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ፣ ባሕር ዛፍና ደኩረንስ የሚቆርጡ ሰዎች ያረጀ መጋዝ አያጡም። እንጅባራ አንድ የመጋዝ ጠጋኝ ዘንድ ከተፈታ ስቲል መጋዝ ላይ የወጣ፣ ምንጩ ያልላላ ቫልቭ አገኘሁ። መጫኛ ቁልፉ ከብረት መሆኑን አይቼ ነው የገዛሁት፤ የፕላስቲኩ በሞተር ሳይክል ሙቀት ላይ አያስተማምንም።

ያስቸገረኝ ማስኪዮው፣ ማለትም ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ የሚያወጣው መሣሪያ ነበር። የቫልቩ ጥርስ ኤም 10 በ1 ነው፤ ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በየብረት መሸጫው የሚገኘው ኤም 10 ማስኪዮ ደግሞ ጥርሱ 1.5 ነው፤ ይህ ደቃቁን ጥርስ ይበላዋል እንጂ አይገጥመውም። የሞተር ሳይክል ዕቃ ሻጮች ዘንድ ብዞርም አጣሁ። በኋላ የብዙ መኪኖች የፍሬን ቱቦ ማያያዣ ጥርሱ ኤም 10 በ1 መሆኑ ትዝ አለኝና ባሕር ዳር ወደሚገኝ የፍሬን ጠጋኝ ሄድኩ። ከመሳቢያው አውጥቶ በውሰት ሰጠኝ።

ቴስታታውን፣ ማለትም የሲሊንደሩን ክዳን፣ ፈትቼ ደብረ ማርቆስ ወደሚገኝ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ዕድሜያቸው የገፋ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚሠሩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋር ቢበሳስ?» አልኳቸው፣ ከዳር ያለውን ቦታ እያሳየሁ።

«እዚያማ ፒስተኑ ተጠግቶ የሚያልፍበት ጠርዝ ነው» አሉና ቴስታታውን ገለበጡት። «ከጎድጓዳው ግባ። ደግሞ ቀዳዳውን ማንም ይበሳዋል፤ መቀመጫው ነው የሚያስቸግረው።»

እውነታቸውን ነበር። ቫልቩ አየር የማያሳልፈው በጥርሱ ሳይሆን ከሥሩ በሚገባው ቀለበት፣ በሮንደላው ነው፤ ሮንደላውም በማቀዝቀዣ ክንፎቹ መካከል ለቀዳዳው ፍጹም ቀጥ ያለ ጠፍጣፋ ቦታ ይፈልጋል። የአሉሚኒየሙን ውፍረት በካሊበር ለክተን፣ ከካንዴላው ርቆ በቀኝ በኩል ያለውን ቦታ መረጥን። የፕላኔታ ማስነሻ በግራ ስለሆነ የሚተፋው ዘይታም ጉም እግሬን አያገኘውም፤ ከካርቡራተሩና ከካንዴላው ሽቦም ይርቃል። የሚወጣው ነገር ቤንዚን እንዳለበት መርሳት አይገባም።

ቴስታታው በሞርሳ ላይ አጋድሎ ታሰረ። በቀጭን ፑንታ፣ ማለትም መብሻ፣ ተጀምሮ በ9 ሚሊ ሜትር ተጠናቀቀ። ለመቀመጫው ደግሞ አንድ ያረጀ ወፍራም ፑንታ ወስደው ጫፉን በድንጋይ ጠፍጣፋ አድርገው ሳሉትና በዚያ ቀስ እያሉ ክንፎቹን ላጩ። ማስኪዮው ሲገባ ነጭ ጋዝ እያንጠባጠብኩ ነበር፤ አሉሚኒየም ያለ እርሱ ማስኪዮ ላይ ይለጠፋል። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ፣ ብናኙን መጥረግ፣ እንደገና።

ቫልቩ ሲገጠም አፉ ከግድግዳው አልፎ ወደ ማቃጠያው ክፍል እንዳይወጣ በመዳብ ሮንደላ ውፍረት አስተካከልነው። የወጣ ጫፍ ይግላል፤ የጋለ ጫፍ ደግሞ ካንዴላውን ሳይጠብቅ ያቀጣጥላል። በጣም ወደ ግድግዳው ከሰመጠም ጉድጓዱ ጥቀርሻ ይሰበስባል። የአንድ ጥርስ ያህል ዝቅ ብሎ ቀረ።

ከመግጠሜ በፊት የሞከርኩትን ለማንም እመክራለሁ። ቴስታታውን ገልብጦ፣ ካንዴላውንና ቫልቩን አጥብቆ፣ ጎድጓዳውን በነጭ ጋዝ ሞልቶ ማሳደር ነው። ጠዋት ከሥሩ ያነጠፍኩት ጋዜጣ ደረቅ ነበር። ፊቱን መስታወት ላይ በተነጠፈ ደቃቅ የአሸዋ ወረቀት አሽቼ በመካከል በሚገባ አዲስ ማሸጊያ፣ በጓርኒሲዮን መለስኩት።

አሁን በአውራ ጣት ጠቅ አድርጌ እረግጣለሁ። ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ አየሩን በሙሉ አይለቅም። እግር ቀስ ሲል ብዙ ያፈስሳል፣ ሲፈጥን ለማቀጣጠል የሚበቃውን ያስቀራል፤ ስለዚህ ርግጫው የሚጠፋው ሰነፍ እርምጃ ላይ ነው፣ እርሱም ድሮ የሚያስቀጣው ነበር። በቀዝቃዛ ጠዋት ከበፊቱ ትንሽ የበለጠ ቾክ ትፈልጋለች። እዚህ ደጋው ላይ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን ቫልቩን አልነካውም።

ጥቅሙ ጎልቶ የታየኝ ዓባይ በረሃ ውስጥ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው፤ ሳናውቀው ከፍታው ራሱ ግፊት ሲቀንስልን ኖሯል። ከደጀን ቁልቁል ወርደው ድልድዩ ጋር ሲደርሱ ግን ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ያችው ሞተር ወፍራም አየር ታምቃለች፣ ርግጫዋም ይብሳል። እዚያ አጥፍቶ ማስነሳት ያስፈራኝ ነበር። በፊሎ የሚሳበውን ዓይነት ያስገጠመ አንድ ወዳጄ በዚያ ቁልቁለት እንደ ፍሬን እንደሚጠቀምበት ነግሮኛል። እኔ አልደፍረውም። ክፍት ቫልቭ ፒስተኑ ሲወርድ ከውጭ ያልተጣራ አየር ይስባል፣ የመንገዱ አቧራም ፋሻ የሚባለውን የፒስተን ቀለበትና ሲሊንደር ይበላል። ቤንዚን ሲዘጋ ደግሞ ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣው ዘይትም አብሮ ይቀራል።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ዘይቱ ስለሚያጣብቀው አልፎ አልፎ ፈትቼ በቤንዚን አጥበዋለሁ። በሮንደላው ዙሪያ ጥቁር ወዝ ከታየ ማፍሰስ ጀምሯል ማለት ነው፤ የሚያፈስ ቫልቭ መቀመጫውን ራሱ ያቃጥላል፣ ውሎ አያድርም። መንገድ ላይ እንዲህ ቢሆን ብዬ ርዝመቱ በልክ የተቆረጠ የኤም 10 በ1 ብሎን ከነመዳብ ሮንደላው በመፍቻ ቦርሳዬ ይዤ እሄዳለሁ፤ ቫልቩን አውጥቼ እርሱን አስገብቼ፣ እንደ ድሮው በእግሬ ተማምኜ ቤቴ እገባለሁ።