ትንባሆ አምራቹ ገበሬስ?

ስለ ትንባሆ ሲወራ ሁሌም የሚነሳው አጫሹ ነው። ያመረተውን ገበሬ የሚያስታውስ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ አገሮች አነስተኛ ገበሬ ትንባሆ የሚያመርተው በውል ነው፤ ዘሩን፣ ማዳበሪያውንና ፀረ ተባዩን ከኩባንያው በዱቤ ይወስዳል፣ ምርቱ ሲደርስ ያው ኩባንያ ደረጃ ያወጣለታል፣ ዋጋ ይቆርጥለታል፣ ዕዳውን ቀንሶ የተረፈችውን ይሰጠዋል። አንዳንዴ ምንም አይተርፍም። የቤተሰቡን ጉልበትማ ማን ቆጥሮት! እርጥብ ቅጠል ሲለቅሙ ደግሞ ኒኮቲኑ በቆዳ ይገባና ያጥወለውላል፣ ያስመልሳል። ለማድረቂያ የሚነደው እንጨትም አለ።

«ታዲያ ለምን አይተወውም?» ማለት ቀላል ነው። ግን የትንባሆ ገዢው የታወቀ ነው፣ ዱቤውም ደጅ ድረስ ይመጣል። ሌላ ዝራ ብሎ መምከር ብቻውን ምን ይፈይዳል? ማን ይገዛዋል?

የኬንያው ሙከራ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ሚጎሪ በተባለው አካባቢ የዓለም ጤና ድርጅት፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከመንግሥት ጋር ሆነው ገበሬዎቹን በብረት ማዕድን የበለጸገ ቦሎቄ አስጀመሯቸው። ዘርና ሥልጠና ብቻ አልነበረም፤ ገበያውም አብሮ ታሰበበት።

እኔ ብጠየቅ ግን መጀመሪያ የማነሳው የዕዳውን ነገር ነው። የኩባንያው ዕዳ አንገቱ ላይ እያለ መሬቱን ወደ ሌላ ሰብል የሚያዞር ገበሬ የለም፤ የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሻግረው ብድር ካገኘ ግን ግማሽ ማሳውን እንኳ ይሞክራል።