አርዌን እንደ እንስሳ መሳል

የአክሱም አፈ ታሪክ እንደሚለው፣ ከማክዳ ዘመን በፊት አርዌ የተባለ ዘንዶ ነግሦ ሕዝቡን ከብትና ልጃገረድ ያስገብር ነበር። በኋላ አንጋቦ መርዝ የበላች ፍየል አቅርቦለት ገደለው። እኔ የሠራሁት ታሪኩን ሳይሆን እንስሳውን የሚገልጽ አንድ ገጽ ነው፦ አካሉን፣ አመጋገቡን፣ አረባቡን፣ ከጎኑም የውሃ ቀለም ሥዕሉን። ደንቤ አንድ ነው። ከርዝመቱ በቀር አፈ ታሪኩ ያለውን ዓይን እንዳየው አድርጌ እቀበላለሁ፤ ከራሴ የምጨምረው ያንን የሚያስረዳውን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚወሰነው መጠን ነው፤ ሌላው ሁሉ እሱን ይከተላል። አንድ የቆየ ጽሑፍ 170 ክንድ ያደርሰዋል። ክንድን በግማሽ ሜትር ብናሰላ 85 ሜትር ነው፤ ይህን የሚሸከም አካል የለም። ቅርጹ ሳይለወጥ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ክብደት ስምንት እጥፍ ይሆናል፦ 6 ሜትር የሚሆን ዘንዶ 70 ኪሎ ቢመዝን፣ 12 ሜትሩ 560 ኪሎ ይመጣል። በኮሎምቢያ ቅሪቱ የተገኘው፣ ዛሬ የሌለው ግዙፍ እባብ ቲታኖቦዋ ወደ 13 ሜትር እንደሚደርስ ስለሚገመት 12 ላይ ቆምኩ።

ግን ቲታኖቦዋ የኖረው በሞቃት ቆላ ነው። አክሱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። እባብ ደግሞ ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ነው። ብዙ የተደናቀፍኩት እዚህ ላይ ነበር፤ መፍትሔው ሲገኝ ግን የቀረው ሁሉ ተፈታ። አንዳንድ የዘንዶ ዝርያዎች እንቁላላቸውን ታቅፈው ጡንቻቸውን በማንቀጥቀጥ ሙቀት ይፈጥራሉ። ይህን ችሎታ ለአርዌ ዓመቱን ሙሉ ሰጠሁት። ተራ ዘንዶ አንዴ ከበላ ወራት ሊጾም ይችላል፤ ሙቀት የሚያመርት አካል ግን እንጨት እንደሚበላ ምድጃ ነው፣ ሳያቋርጥ መብላት አለበት። ማብቂያ የሌለው ግብር ከዚህ ይመጣል። በአፍሪካ ዘንዶ ትልቋ ሴቷ ስለሆነች፣ ሰው «ንጉሥ» ያላት የታቀፈች እናት ናት ብዬ ጻፍኩ።

ቀንድና ክንፍ በመጀመሪያው ንድፍ ነበሩ፤ ሁለቱንም አጠፋሁ። ዋሻ ውስጥ የሚሳብ እንስሳ ቀንዱ ድንጋይ ይይዝበታል። በምትኩ ከእያንዳንዱ ዓይኗ በላይ አንድ ሹል ቅርፊት አቆምኩ፤ ቀንዳም በሚባሉት የበረሃ እፉኝቶች ላይ ይታያል።

ለሥዕሉ ሞዴል 1.5 ሜትር የአትክልት ማጠጫ ጎማና የሽንኩርት መረብ ከረጢት ይበቃል። መረቡን ጎማው ላይ አጥብቀህ አልብሰህ ጠምዝዘው። የመረቡ ዓይን በመታጠፊያው ውስጠኛ በኩል ሲጠብ፣ በውጭ በኩል ሲሰፋ፣ ጠርዝ ላይ ሲሰበሰብ ታያለህ። ቅርፊትን ከሐሳብ የሚስል ሰው ሁሉንም እኩል ያደርጋቸዋል፤ አካሉም እንደ ጠፍጣፋ ጥብጣብ ይቀራል። መብራት አንድ ብቻ፣ ከላይ ከግራ።

ወረቀቱ 38 በ56 ሴንቲ ሜትር፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት ነው። ነክሬ ጠርዙን ውሃ ሲነካው በሚጣበቅ የወረቀት ቴፕ ሰሌዳ ላይ አጣብቄ አደርቀዋለሁ፤ አለዚያ ሁለተኛው ቅብ ላይ ይጎብጣል። ልኬቱ 1 ለ25 ነው፤ 12 ሜትሩ 48 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ልኬት እያንዳንዱን ቅርፊት መሣል ከንቱ ድካም ነው፣ ሥዕሉም ይቆሽሻል። በሙሉ አካሉ ላይ የቀለሙን ንድፍ ብቻ አኑር፤ ቅርፊቱን ለብቻው በ1 ለ4 ለሚሳለው ራስ አቆየው።

መጀመሪያ ስስ ቢጫ ኦከር (አፈርማ ቢጫ) በሙሉ አካሉ ላይ። ከዚያ ለጥላው አልትራማሪን (ጥልቅ ሰማያዊ) እና በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ) ተቀላቅለው። ጀርባዋ ፀሐይ እንዲስብ ከተራ ዘንዶ ይበልጥ ጥቁር ነው። በቅቦቹ መካከል ወረቀቱን በእጅህ ጀርባ ዳስስ፤ ከቀዘቀዘህ ገና እርጥብ ነው። እርጥቡ ላይ ከቀባህ ውሃው ቀለሙን ገፍቶ እንደ አበባ ጎመን ጠርዝ ይተዋል፣ አይታረምም። ነጭ ጉዋሽ (የታችኛውን ቀለም የሚሸፍን ወፍራም የውሃ ቀለም) መጨረሻ ላይ፣ ብርሃን በሚመታቸው ጥቂት ቅርፊቶች ጫፍ ብቻ።

ራሷን ከጎን ሣልኩ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉ የሆነ ሰው በአንድ ዓይን፣ ከጎን ይሣላል፤ እኔ ግን ያደረግሁት የከንፈር ቅርፊቶቿና በውስጣቸው ያሉት ሙቀት የሚያዩ ጉድጓዶች እንዲቆጠሩ ነው። የዓይኗ ብሌን ቀጥ ብሎ የቆመ ስንጥቅ ነው፤ ክብ ካደረግኸው የሰው ፊት ይመስላል። መጠኗን ለማሳየት ሰው አላቆምኩም፤ ከጎኗ ቁመቷ 2.4 ሴንቲ ሜትር የሆነች ፍየል አለች።

ጽሑፉ ውስጥ «አስፈሪ» የሚል ቃል የለም። የሚለካና የሚታይ ብቻ ገባ፦ የተጣለ ቆዳ፣ የዋሻው ደጅ የተላገ ድንጋይ፣ የእንቁላል ብዛት። አንጋቦም አልተጠቀሰም። ስለ አመጋገብ የሚለው አንቀጽ እንዲህ ያበቃል፦ «ሳታኝክ ትውጣለች፤ ፍየሏ የበላችውም አብሮ ይገባል።»